የአሮጌ ተሽከርካሪ ቤት ወዝ፤ እንዴት እንደሚጠፋ፥ እንዴት እንደሚመለስና እንዴት እንደሚጠበቅ

ስለ ተሽከርካሪ ቤት ወዝ በምርምር መጽሔት ላይ ለመጻፍ መነሣት ለአንዳንድ አንባቢ የሥራ ፈት ነገር ሳይመስለው አይቀርም። በአገራችን ቤቱን ከመኪናው ኋላ እየጎተተ የሚሄድ ሰው እምብዛም አይታይምና፥ ጥያቄው የእኛ አይደለም ቢባል አያስደንቅም። ነገር ግን አንድ የቆየ ዕቃ እንዲያንጸባርቅ መፈለግና ያው ዕቃ ብዙ ዘመን እንዲኖር መፈለግ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች መሆናቸው፥ አልፎ አልፎም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መሆናቸው፥ በዚህ ጉዳይ ላይ እንደሚታየው ያህል በሌላ ስፍራ ጎልቶ አላገኘሁትም። ከዚህም በላይ ነገሩ ስለ ብርሃን፥ ስለ ብረታ ብረትና ስለ ፕላስቲክ በክፍል ውስጥ የተማርነውን በአንድ ግድግዳ ላይ ሰብስቦ የሚያሳይ ነው።

በአሜሪካ ‹‹አር ቪ›› እያሉ የሚጠሩት፥ በውስጡ መኝታ፥ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው፥ በራሱ ሞተር የሚነዳ ወይም በሌላ መኪና የሚጎተት ቤት ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድነት ተሽከርካሪ ቤት፥ የሚጎተተውን ብቻ ለይቼ ሳነሣ ተጎታች ቤት እላለሁ። ብዙዎች ለዕረፍት ጊዜ ይይዙታል፤ ጥቂት የማይባሉ ጡረተኞችና ሠራተኞች ግን ዓመቱን በሙሉ የሚኖሩት በርሱ ውስጥ ነው። ለእነዚህ የግድግዳው መበላሸት የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የመጠለያ ጉዳይ ነው። የነዚህ ቤቶች የውጭ ልብስ በዋናው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቀለም ያልተቀባ አሉሚኒየም፥ ሁለተኛው ፋይበርግላስ ነው። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ የለበሱም አሉ፤ የነርሱ አያያዝ ግን ከማንኛውም መኪና ቀለም ብዙም ስለማይለይ አልፈዋለሁ።

ባልተቀባ አሉሚኒየም ስሙ የገነነው ኤርስትሪም የተባለው ተጎታች ቤት ነው። የዚህ ቅርጽ አባት የአውሮፕላን ሰው ነበር። ሐውሊ ቦውለስ የተባለው መሐንዲስ፥ ሊንድበርግ አትላንቲክን የተሻገረበት አውሮፕላን ሲሠራ በግንባታው ላይ ኃላፊ ሆኖ ከሠራ በኋላ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1934 በሪቬት የተያያዘ የአሉሚኒየም ተጎታች ቤት ሠራ። ዋሊ ባያም የተባለው ሰው ደግሞ ያንን መንገድ ተከትሎ በ1936 ‹‹ክሊፐር›› የተባለውን አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ሁሉ ለአውሮፕላን ስለተፈለገ ሥራው ቆመና ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተጀመረ።

ይህ ቤት ከአገራችን ጋር የተገናኘበት ጊዜም አለ። ባያም በ1959 ከኬፕ ታውን ተነሥተው እስከ ካይሮ የሚጓዙ 41 ተጎታች ቤቶችን መርቶ አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጠ። በመንገዳቸው ኢትዮጵያ ገብተው አዲስ አበባ ሲደርሱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። በዚያን ጊዜ የተነሡት ፎቶግራፎች ዛሬም ይገኛሉ። የዚያን ዘመን መንገድ ለሚያውቅ ሰው፥ እነዚያ ግድግዳዎች አቧራና ጭቃ፥ ጠጠርና ዝናብ ምን ያህል እንደ ቀጠቀጣቸው መገመት አያስቸግረውም። ባያም በ1962 ሞተ፤ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ቤቶቹ ግን ብዙዎቹ ዛሬም በመንገድ ላይ ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ጥያቄም፥ ስልሳና ሰባ ዓመት የቆየ ቀጭን የብረት ቆዳ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ሊኖር ቻለ የሚለው ነው።

አስቀድሞ ‹‹ወዝ›› የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንወስን። ብርሃን በአንድ ገጽ ላይ ሲያርፍ ገጹ ልሙጥ ከሆነ እንደ መጣበት ማዕዘን ተመልሶ ይሄዳል፤ ዐይናችንም በውስጡ መልክ ያያል። ገጹ ሸካራ ከሆነ ያው ብርሃን ወደየአቅጣጫው ይበታተናል። ልሙጥና ሸካራ የሚባለውም በእጅ ዳሰሳ አይደለም። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ስለሆነ፥ ከዚህ ጋር የሚቀራረቡ ጭረቶችና ጉድጓዶች ለጣት ባይታወቁም ወዙን ያጠፉታል። እንግዲህ ወዝ ማለት በገጹ ላይ የሚጨመር ነገር አይደለም፤ የሸካራነት አለመኖር ነው። ስለዚህም ወዝን መመለስ የሚቻለው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ ጉብታዎቹን ፍቆ ማስተካከል፥ ወይም ጉድጓዶቹን በአንድ ግልጽ ነገር ሞልቶ ማስተካከል። በገበያ የሚሸጠው ጠርሙስና ቆርቆሮ ሁሉ፥ ስሙ ምንም ቢሆን፥ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም የሚያደርግ ነው።

አሁን ወደ አሉሚኒየሙ እንመለስ። አሉሚኒየም ሲወለወል በዐይን ከሚታየው ብርሃን ከመቶ 90 ያህሉን ይመልሳል። አየር በነካው ቅጽበት ግን በላዩ ላይ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራበታል። ይህ ሽፋን እጅግ ስስ ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ጥቂት እጥፍ ብቻ ቢሆን ነው። እንደ ብረት ዝገት እየተላጠ የሚወድቅ ሳይሆን ከሥር ያለውን ብረት አጥብቆ የሚይዝና የሚጠብቅ ነው። ይሁን እንጂ ጠላት አለው። ጠንካራ አሲድም ሆነ ጠንካራ አልካሊ ያሟሟዋል፤ ጨው ደግሞ ቦታ ቦታ እየበሳ ጉድጓድ ያደርግበታል።

ይህንን በየወጥ ቤታችን የምናውቀው ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለን የወጥ ቤቱን የአሉሚኒየም ድስት የማጠብ ተራ ለሁላችንም ይደርሰን ነበር፤ መፈግፈጊያችንም አመድ ነበረ። አመድ ድስቱን የሚያበራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፥ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሁለተኛ፥ በውስጡ የፖታሲየም ካርቦኔት ስላለ በውኃ ሲርስ አልካሊ ይሆንና የኦክሳይዱን ሽፋን ያሟሟዋል። ከሥር ያለው ብረት ለጊዜው ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ግን አዲስ ሽፋን ይሠራበታል፤ በሚቀጥለው ቀንም እንደገና ይፈገፈጋል። እያንዳንዱ ብልጭታ በብረት የተገዛ ነው። ድስቱ ወፍራም ስለሆነ ይህ ጉዳት ለዓመታት አይታወቅም። በተጎታች ቤት ግድግዳ ላይ ግን ነገሩ እጅግ የተለየ ነው፤ ምክንያቱንም ሰፋ አድርጌ ማስረዳት ይገባኛል።

ንጹሕ አሉሚኒየም ዝገትን ይቋቋማል፥ ነገር ግን ለስላሳ ነው። መሐንዲሶች ኃይል እንዲኖረው ከመዳብ ጋር ይቀላቅሉታል፤ ለአውሮፕላን የተለመደውና 2024 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ቅልቅል ከመቶ 4 እጅ ተኩል ያህል መዳብ አለው። መዳቡ ጥንካሬ ይሰጠዋል፥ በዚያው መጠን ግን ለዝገት ያጋልጠዋል፤ መዳብ የበዛበት ቅንጣትና በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገኙ እንደ ትንሽ ባትሪ ሆነው እርስ በርስ ይበላላሉና። የዚህ ችግር መፍትሔ በ1920ዎቹ ዓመታት ተገኘ፤ ጠንካራውን ቅልቅል በመሐል አድርጎ በግራና በቀኝ ንጹሕ አሉሚኒየም እንደ ልብስ ማልበስ ነው። ይህ ‹‹አልክላድ›› ይባላል። የውጩ ንጹሕ ልብስ ለውስጠኛው ቤዛ ነው፤ ገጹ ቢጫር እንኳ አስቀድሞ የሚበላው ልብሱ ስለሆነ ዝገቱ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገባቸው የዲሲ 3 ቤተሰብ አውሮፕላኖች የተሠሩት ከዚሁ ከአልክላድ ነበር። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ተጎታች ቤቶችም ግድግዳቸው ከዚሁ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ነው። የግድግዳው ውፍረት ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የንጹሑ ልብስ ውፍረት በእያንዳንዱ ወገን ከጠቅላላው ከመቶ 5 እጅ ያህል ቢሆን፥ 0.04 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ይህም ከሰው ጠጉር ውፍረት የሚያንስ ነው። ግድግዳውን ለስልሳ ዓመት የጠበቀው፥ ሲወለወልም እንደ መስተዋት የሚያበራው ይህ ስስ ልብስ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሙሉ ውልወላ 2 ማይክሮ ሜትር ብረት ያነሣል ብለን እንገምት። 40 ማይክሮ ሜትር ለ2 ሲካፈል ሃያ ነው፤ ስለዚህ ከሃያ ውልወላ በኋላ ልብሱ ያልቃል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ሂሳቡ ልዩነትን አያይም። ማሽኑ በሪቬቶች ራስና በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አብዝቶ ይፍቃል፤ በሰፊው ሜዳ ላይ ይቀንሳል። ደግሞም ባለቤቱ አንድ ጥልቅ ጭረት ፈጽሞ እንዲጠፋለት ቢፈልግ፥ ጭረቱ 40 ማይክሮ ሜትር ጥልቀት ካለው፥ በዙሪያው ያለውን ልብስ በአንድ ቀን መጨረስ አለበት። ልብሱ ያለቀበት ቦታ ከጎኑ ካለው ጋር እኩል አያበራም፤ ከዚያ በኋላም ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል፥ ይበሳልም። የሚመለስበት መንገድ የለም፤ በሥራ ቦታ ቆሞ አልክላድን እንደገና የሚያለብስ ማሽን የለምና ቆርቆሮውን ነቅሎ መለወጥ ብቻ ይቀራል።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፋብሪካው ግድግዳውን በግልጽ ቬርኒሽ መሸፈን ያዘ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ብረቱ ከአየርና ከእጅ እንዳይገናኝ ነው። ነገር ግን ግልጹ ሽፋን ራሱ በፀሐይ ይደክማል፥ ይሻግታል፥ እየተሰነጠቀም ይላጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው በሽፋኑ ሥር የሚጀምረው ዝገት ነው። በቆርቆሮው የተቆረጠ ጠርዝ ወይም በሪቬቱ ዙሪያ እርጥበትና ጥቂት ጨው ከገቡ፥ ዝገቱ በቬርኒሹ ሥር እንደ ክር እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ አንድ ትል በመስተዋት ሥር የተሳበ ይመስላል። ከባሕር ዳርቻ አጠገብ የኖሩና በክረምት በጨው በተረጨ መንገድ የተጎተቱ ቤቶች ላይ ይበዛል።

እንግዲህ ወዙን ለመመለስ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ይህን የሞተ ቬርኒሽ ማንሣት አለበት። በዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቀድሞ ለዚህ ሥራ ይበልጡን የተለመደው ማላጫ ሜቲሊን ክሎራይድ የተባለ ፈሳሽ ያለበት ነበር። ትነቱ በተዘጋ ስፍራ ሰውን አፍዝዞ ይጥላል፤ በሰውነት ውስጥም በከፊል ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚለወጥ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። በዚህ ማላጫ ምክንያት ብዙ ሰዎች ስለ ሞቱ የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2019 ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚል አልኮል ያለባቸው፥ ቀስ ብለው የሚሠሩ ማላጫዎች ተተክተዋል። ጊዜ ይወስዳሉ፤ ቢሆንም ለአንድ ግድግዳ ብልጭታ ተብሎ መሞት የሚገባው ሰው የለም። ለብረት ተብለው የተሠሩ፥ ኮስቲክ ሶዳ ያለባቸው ማላጫዎች ደግሞ ቬርኒሹን ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየሙንም ስለሚበሉ ከቶውንም አይነኩም። በረኪናም እንደዚሁ ነው።

ከተላጠና ከታጠበ በኋላ ውልወላው ይጀመራል። ግድግዳውን በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ፥ በሱፍ ጨርቅ በሚሽከረከር ማሽን፥ በመጀመሪያ ሻከር ባለ ከዚያም እየደቀቀ በሚሄድ የመወልወያ ቅባት ይሠራል። በፀሐይ ውስጥ መሥራት አይገባም፤ ቅባቱ ይደርቅና ራሱ ጭረት ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ እንደ ተሠራ ጨርቁ እንደ ከሰል ይጠቁራል። አዲስ ሠራተኛ ይህንን ሲያይ ‹‹ቆሻሻው ወጣ›› ብሎ ደስ ይለዋል። ያ ጥቁር ነገር ግን በአብዛኛው ቆሻሻ አይደለም፤ ራሱ የተፋቀው አሉሚኒየም ነው። አንዳንድ ባለ ልምዶች በመጨረሻ የቀረውን ቅባት ለማንሣት የስንዴ ዱቄት ወይም የበቆሎ ዱቄት ነስንሰው በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ዱቄቱ ዘይቱን ይመጣል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ግን በዚህ ሥራ ቦታ የለውም፤ የብረት ስብርባሪው በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና በመጀመሪያው ዝናብ ቀይ ዝገት ያወጣል። አንድን ቤት በሙሉ እንዲህ አድርጎ መስተዋት ማድረግ መቶ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ይመርጣል። ወይ በባለሙያ እጅ እንደገና ግልጽ ቬርኒሽ ያስቀባል፤ ወይም ራቁቱን ትቶ እየደበዘዘ ሲሄድ በየጊዜው ይወለውላል። በኔ አስተያየት፥ ልብሱ ስስ መሆኑን ከተረዳን፥ ራቁቱን ትቶ በየዓመቱ ሙሉ ውልወላ ማድረግ የማይገባ ነው። አንድ ጊዜ በሚገባ ወልውሎ መሸፈን፥ ወይም ጨርሶ ሳይወለውሉ በሳሙናና በውኃ እያጠቡ ግራጫ መልኩን ተቀብሎ መኖር ይሻላል። ይህ ሁለተኛው ምርጫ በብዙ ባለቤቶች ዘንድ እንደ ስንፍና ይታያል። ነገር ግን ደብዘዝ ያለው ግራጫ ገጽ በሽታ አይደለም፤ የአሉሚኒየሙ መከላከያ ነው። በሽታ የሚባለው ነጭ ዱቄት ያወጣ ጉድጓድ፥ ክር የመሰለ ዝገትና የሪቬት ዙሪያ መነፋት ነው። በእነዚህ ላይ መሥራት ግዴታ ሲሆን፥ በቀረው ላይ መሥራት የደስታ ጉዳይ ነው። ደስታውን የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ ዋጋው በምን እንደሚከፈል ይታወቅ ማለቴ ነው።

ፋይበርግላስ የለበሱት ቤቶች ነገር በመልኩ የተለየ ሲሆን በሕጉ አንድ ነው። የፋይበርግላሱ ግድግዳ ከመስተዋት ክርና ከፖሊስተር ሙጫ የተሠራ ነው፤ ከላዩ ጄልኮት የሚባል ቀለም ያለው የሙጫ ሽፋን አለው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራ ቫዮሌት ጨረር የሙጫውን ረጃጅም ሞለኪዩሎች ይሰባብራል፤ ኦክሲጅንም የተሰበረውን ይይዘዋል። ሙጫው ሲሄድ የቀለሙ ደቃቅ ዱቄት ብቻ በገጹ ላይ ይቀራል። እጅን ቢያሳርፉበት መዳፍ እንደ ጠመኔ ይነጣል። የዚህ ጨረር ኃይል በየ1000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፥ በተራራ አገር የቆሙ ቤቶች በባሕር ጠረፍ ካሉት ቀድመው ይደክማሉ። 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ቀይ የተቀባ መኪና ጣራው ከጎኑ ቀድሞ ሲነጣ የምናየውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ደብዛዛውን ገጽ በንጹሕ ውኃ ማርጠብ ነው። ውኃው ሸካራውን ሞልቶ ስለሚያስተካክለው፥ ቀለሙ ወዲያው ደምቆ ከተመለሰ ጉዳቱ በላይኛው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ሲደርቅ እንደገና ይነጣል። እርሶም ካልደመቀ ቀለሙ ራሱ ሞቷል። የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለበትም ውልወላ አይረዳውም።

ከዚህ ፈተና ብዙዎች የተሳሳተ ትምህርት ይወስዳሉ። ውኃ ካደመቀው ሰምማ ይበልጥ ያደምቀዋል ብለው በነጣው ዱቄት ላይ ሰም ይቀባሉ። በርግጥ ለጥቂት ሳምንት ያምራል። ነገር ግን ሰሙ የተያያዘው ከግድግዳው ጋር ሳይሆን ከለቀቀው ዱቄት ጋር ስለሆነ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይታጠባል። ትክክለኛው ተራ፥ ማጠብ፥ የሞተውን ሽፋን በመወልወያ ቅባት እስከ ጤነኛው ሙጫ ድረስ ማንሣት፥ በደቃቁ ማለስለስ፥ ከዚያም ሳይውል ሳያድር በሰም ወይም በሠው ሠራሽ ማሸጊያ መሸፈን ነው። ሳይውል ሳያድር የምለው፥ አዲስ የተገለጠ ጄልኮት ፀሐይን ያለ ምንም ከለላ ስለሚቀበል ነው። የብርጭቆ ወረቀት የሚያስፈልገው ጉዳቱ እጅግ ሲከፋ ብቻ ነው፤ ያውም ከ1000 ቁጥር በላይ የሆነ ደቃቅ፥ በውኃ ታጅቦ።

ከሰም ሁሉ የታወቀው ከብራዚል ዘምባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው። የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ ከንብ ሰም ይልቅ ሙቀትን ይችላል፤ ቢሆንም ከጥቂት ወራት አያልፍም። ሠው ሠራሾቹ ማሸጊያዎች ይረዝማሉ፤ ሴራሚክ የሚባሉት፥ ከሲሊካ የተሠሩት፥ ከሁሉ ይበልጥ ይቆያሉ፥ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ተራ ሰም ጨረሩን ራሱን ብዙ አያግድም፤ ዋናው ጥቅሙ ውኃንና ቆሻሻን ማራቁ ነው። ስለዚህ ሰም ቀብቶ በፀሐይ ላይ ከሚያቆም ይልቅ ሳይቀባ በጥላ የሚያቆም ሰው የተሻለ ያደርጋል።

ባለቤቶችን ለዓመታት ሲያከራክር የቆየ አንድ አቋራጭ ደግሞ አለ። ለወለል ማንጸባረቂያ የተሠራውን አክሪሊክ ፈሳሽ በተጠበው ጄልኮት ላይ አራትና አምስት ጊዜ እያደረቁ መቀባት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ የነጣው ቤት እንደ አዲስ ያበራል። ተቃዋሚዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ እየሆነ እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል ይላሉ፤ ካልተጠበቀ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ፈጽሞ አላወግዘውም። ጄልኮቱ በብዙ ውልወላ ሳስቶ የመስተዋቱ ክር ሊታይ በቀረበበት ቤት ላይ፥ ሌላ መፋቅ ማለት ማጥፋት ነው። እንዲህ ላለው ቤት ጉድጓዱን መሙላት እንጂ ጉብታውን መፋቅ አይሆንለትም፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት ጊዜ እየደገመ ለመቀባት የቆረጠ ባለቤት በዚህ መንገድ ቤቱን ብዙ ዓመት ሊያኖረው ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ወዙ አይደለም። አሮጌ ተሽከርካሪ ቤት የሚሞተው ከመደብዘዝ ሳይሆን ከውኃ ነው። በጣራው መገጣጠሚያ፥ በመስኮትና በመብራት ዙሪያ፥ በላላ ሪቬት በኩል የሚገባ ጠብታ በግድግዳው ውስጥ ወርዶ በወለሉ ጣውላ ጠርዝ ይጠራቀማል። ጣውላው ይበሰብሳል፤ ከሥሩ ያለው የብረት ሻንሲም ይዝጋል። ከውጭ የሚታየው መስተዋት የመሰለ ግድግዳ ይህንን ሁሉ ሸፍኖ ይይዛል፤ ወዙን አይቶ የሚገዛ ሰውም ብዙ ገንዘቡን ከፍሎ የበሰበሰ ወለል ይዞ ይሄዳል። ጡረታውን በዚህ ላይ ያፈሰሰ ሰው ሲያጋጥመው ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ሥራው ከጣራ መጀመር አለበት። ጣራቸው በጎማ የተሸፈነ ቤቶች ጎማው ሲያረጅ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዝናብ ሲወርድ ያ ዱቄት በግድግዳው ላይ ነጭና ጥቁር መስመር እየሠራ ይወርዳል። ጣራውን ሳያጥብ ግድግዳውን የሚወለውል ሰው በየዝናቡ ሥራውን ይደግማል። ይህን ጎማ በቤንዚን ወይም ከነዳጅ ዘይት በተሠራ ማጽጃ ማጠብ ያብጠዋል፤ ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ኃይለኛ የውኃ ቱቦ በመገጣጠሚያ ላይ ማነጣጠርም ውኃን በእጅ ወደ ውስጥ እንደ መክተት ነው። የላላውን መገጣጠሚያ በሲሊኮን መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሲሊኮን በገጹ ላይ ትቶት የሚሄደው ስስ ቅባት በኋላ የሚመጣ ማሸጊያም ሆነ ቬርኒሽ እንዳይይዝ ስለሚያደርግ፥ ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩትን ሌሎች ማሸጊያዎች መምረጥ ይሻላል። በክረምት የሚሸፍኑትም በላስቲክ ባይሸፍኑት ጥሩ ነው፤ ላስቲክ እርጥበቱን ከውስጥ ይዞ ያፍነዋል፥ በነፋስ ሲወዛወዝም ገጹን ይፍቀዋል፤ አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሁን።

አሮጌ ቤት ገዝቶ ለመወልወል የተዘጋጀ ሰው ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት አንድ ፈተና ቢያደርግ ይጠቅመዋል። ቤቱ ዝናብ በመታ ማግስት ጫማውን አውልቆ ይግባና በአራቱም ማዕዘን፥ በበሩ ደፍና ከመታጠቢያው ሥር ወለሉን በተረከዙ ይጫን። ጣውላው ከረገበ፥ የውልወላውን ገንዘብ ለወለሉና ለጣራው መገጣጠሚያ ያውለው፤ ግድግዳው ግራጫ እንደሆነ አንድ ዓመት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።